የአዲሱን ሰርቨር ባካፕ አሮጌው ለምን አልቀበልም አለ?

የመክፈቻው ጽሑፍ

በአንድ የኢንተርኔት የውይይት ክር ላይ የቀረበው ጥያቄ አጭር ነበር። ጠያቂው ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ በ2019 ቨርዥኑ ላይ፣ የሚሠራ ዳታቤዝ (የተደራጀ የመረጃ ማከማቻ) አለው። ያንኑ ዳታቤዝ 2017 ወደተጫነበት ሌላ ማሽን መውሰድ ፈለገ። ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ወሰደ፣ ፋይሉን አሻገረ፣ ሪስቶር ሊያደርግ (ከቅጂው መልሶ ሊያስነሳው) ሲል ኤረር 3169 መጣበት። ባካፑ የተወሰደበት ቨርዥን ከዚህኛው ሰርቨር ጋር አይስማማም የሚል ነው። ያኔ አንድ ዘዴ ታየው። ዳታቤዙ ላይ ኮምፓቲቢሊቲ ሌቭል የሚባለውን ቁጥር ከ150 ወደ 140 አወረደው። 140 የ2017 ቁጥር ነው። እንደገና ባካፕ ወስዶ ሞከረ። ያው ኤረር ተመለሰ።

ክርክሩን ያስነሳው ግን ጥያቄው ሳይሆን መጨረሻ ላይ ያከላት አንድ ሐሳብ ናት። ኮምፓቲቢሊቲ ሌቭል ስም ብቻ ነው፣ ምንም አይሠራም ብሎ ደመደመ።

ክሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተከታትዬዋለሁ። አንዱ ምላሽም የኔ ነው። ሰርቨር ለሚያስተዳድር ሰው ብዙ የሚጠቅም ነገር ስላገኘሁበት ማን ምን እንዳለ በየተራ ቁጥሩ ልንገራችሁ። አንድ ነገር ግን ላስቀድም። ቨርዥን ስንል አንድ ነገር ይመስለናል። የሰርቨሩ ፕሮግራም የራሱ ቨርዥን አለው። ዲስክ ላይ የተቀመጠው ፋይል ሌላ አለው። አፕሊኬሽኑ የሚገናኝበት ድራይቨር፣ ዳምፕ (የዳታቤዙ ይዘት ወጥቶ የሚጻፍበት ፋይል) የሚያወጣው መሣሪያ፣ ከሥር ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ሁሉም የየራሳቸው አላቸው። እዚህ ክር ላይ የተጋጩት ሰዎች አብዛኞቹ ስለተለያዩ ቨርዥኖች እያወሩ ነው የተጋጩት።

ምላሽ 1

ወንድሜ ብሎ በሰላምታ ጀመረ። ባካፕ ማለት የዳታቤዙ ገጾች ዲስክ ላይ እንዳሉ የሚገለበጡበት ፋይል እንደሆነ አስረዳ። ስለዚህ የሚወስነው የፋይሉ ውስጣዊ ቁጥር ነው። የ2019 ዳታቤዝ ውስጣዊ ቁጥሩ 904 ነው፣ የ2017 ደግሞ 869። 2017 ሲሠራ 904 የሚባል አደረጃጀት ገና አልነበረም። ወደ ላይ መውጣት ይቻላል፤ አዲሱ ሰርቨር የአሮጌውን ፋይል እየለወጠ ይከፍተዋል። ወደ ታች ግን መንገድ የለም። ፋይሉን በቀጥታ አታች ላድርገው (ከሰርቨሩ ጋር ላያይዘው) ቢልም ኤረር 948 እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ነገረው።

ምላሽ 2

በመጀመሪያው ተስማምቶ መውጫውን አሳየ። ባካፑን ትቶ ይዘቱን ማውጣት ነው። ማኔጅመንት ስቱዲዮ በሚባለው የኤስኪውኤል ሰርቨር ማስተዳደሪያ ውስጥ ጄኔሬት ስክሪፕትስ የሚባል አለ፤ ቴብሎቹንም (ሰንጠረዦቹንም) ዳታውንም በጽሑፍ ያወጣል። ቴብሎቹ ግዙፍ ከሆኑ ግን በስክሪፕት የሚወጣው መዋቅሩ ብቻ ይሁን፣ ዳታው ቢሲፒ በሚባለው ዳታ በጅምላ የሚያሻግር መሣሪያ ይሻገር አለ። በሚሊዮን የሚቆጠር ኢንሰርት (ረድፍ የሚጨምር ትእዛዝ) የያዘ ፋይል ከፍቶ ማስኬድ ማሽኑን እንደሚያንቀው ከራሱ ልምድ ጠቀሰ።

ምላሽ 3

ይሄኛው ተቆጥቶ ነው የገባው። ጥያቄው በየጊዜው እንደሚመጣ፣ የኤረሩን ቁጥር ፍለጋ ላይ መጻፍ አንድ ደቂቃ እንደማይፈጅ ተናገረ። ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጠያቂው ዝም ብሎ አልመጣም። ሞክሯል፣ የሞከረውንም በዝርዝር ጽፏል። እንዲህ ያለውን ሰው መገሰጽ አልወደድኩም።

ምላሽ 4

ጠያቂው ተመለሰ። ቁጣውን ዋጥ አድርጎ 1ን እና 2ን አመሰገነ። ከዚያ የክሩን ምርጥ ጥያቄ ጠየቀ። ፋይሉን የማይነካ ከሆነ ያ ሌቭል ታዲያ ምኑን ነው የሚለውጠው?

ምላሽ 5

መልሱ ረጅም ነበር፣ እያንዳንዱ መስመርም ዋጋ አለው። ሌቭሉ የሚነካው የኩዌሪውን (ለዳታቤዙ የሚላከው ጥያቄ) ጠባይ ነው። አንድ ኩዌሪ ሲመጣ ሰርቨሩ ስንት ረድፍ ይወጣል ብሎ ይገምታል፤ በግምቱም መንገድ ይመርጣል። ይህ መገማቻ በ2014 ቨርዥን፣ ማለትም በሌቭል 120፣ በአዲስ ተተካ። ብዙ ኩዌሪ ፈጠነ። አንዳንዱ ግን በሰከንድ ይመለስ የነበረው ደቂቃዎች መፍጀት ጀመረ። ሌቭሉ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ሰርቨሩን ወደ አዲሱ ታሸጋግራለህ፣ ዳታቤዙን ግን በድሮው ጠባይ ታቆየዋለህ። 2019 እስከ 100 ድረስ፣ ማለትም እስከ 2008 ጠባይ፣ ዝቅ ብሎ መሥራት ይችላል።

ቅደም ተከተሉንም ሰጠ። መጀመሪያ ሰርቨሩን አሳድግ፣ ሌቭሉን አትንካ። ከ2016 ጀምሮ ያለውን ኩዌሪ ስቶር አብራ። ሥራው ባለበት ጥቂት ቀን ይሂድ፣ የትኛው ኩዌሪ ስንት እንደሚፈጅ ይመዝገብ። ከዚያ ሌቭሉን ከፍ አድርግ። የዘገየ ኩዌሪ ከተገኘ የቀድሞውን ፕላን (የተመረጠለትን መንገድ) አስገድድለት። ሌቭሉ ምንም አይሠራም የሚለውን አባባል በትሕትና ግን ሳያለሳልስ አረመው። የሚሠራው ወደ ላይ ለሚወጣ ሰው ነው።

ምላሽ 6

እዚህ ላይ ክሩ ከኤስኪውኤል ሰርቨር ወጣ። አንድ የፖስትግሬስ (ሌላ የዳታቤዝ ፕሮግራም) ተጠቃሚ እነሱ ዘንድ ይህ ጣጣ እንደሌለ ጻፈ። ዳምፑ ጽሑፍ ስለሆነ የትም ሄዶ ይነበባል፣ ወደ ታችም ጭምር አለ።

ምላሽ 7

ወዲያው ታረመ። በመጀመሪያ ዳምፕ የሚያወጣው ፒጂ_ዳምፕ ራሱ ከሱ የሚበልጥ ዋና ቨርዥን ያለውን ሰርቨር አይነካም፤ የቨርዥን አለመጣጣም ብሎ ያቆማል። ደንቡ የአዲሱን ቨርዥን ፒጂ_ዳምፕ መጠቀም ነው። ሁለተኛ፣ ከአዲስ የወጣ ዳምፕ አሮጌው ላይ ለመጫኑ ማንም ዋስትና አይሰጥም። በኦገስት 2025 የወጡት የጥገና ቨርዥኖች ዳምፑ መጀመሪያ ላይ ሪስትሪክት የሚል ትእዛዝ መጻፍ ጀምረዋል፤ ለደኅንነት ሲባል የተጨመረ ነው። ያልታደሰ ፒኤስኪውኤል (ዳምፑን የሚጭነው መሣሪያ) ትእዛዙን ስለማያውቀው ኤረር ይሰጣል። ጽሑፍ መሆኑ ብቻ አያድንም ብሎ ጨረሰ።

ስለ ቁጥር አቆጣጠሩም አንድ ነገር አከለ። እስከ 9.6 ድረስ ዋናው ቨርዥን ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ነበሩ። 9.5 እና 9.6 የተለያዩ ዋና ቨርዥኖች ናቸው፣ ፋይላቸውም አይነባበብም። በ2017 ከወጣው 10 ጀምሮ ግን ዋናው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው። ከ9.5 ወደ 9.6 መሄድን እንደ ትንሽ እድሳት የቆጠሩ ብዙዎች ሰርቨሩ አልነሳም ሲላቸው ነው ይህን ያወቁት።

ምላሽ 8

ኮንቴይነር (ፕሮግራም ከነሚያስፈልገው ታሽጎ የሚሠራበት) ላይ የደረሰበትን አወራ። የፖስትግሬስ ኢሜጁን (የታሸገውን ፕሮግራም) ሌቴስት (የቅርብ ጊዜው) በሚለው መለያ ነበር የሚያስነሳው። አንድ ጠዋት ሪስታርት ሲያደርግ ኢሜጁ ታድሶ መጣና ሰርቨሩ እምቢ አለ። ሎጉ (የሰርቨሩ የክንውን መዝገብ) ላይ የዳታው ፎልደር የተጀመረው በ12 ነው፣ ይህ ግን 13 ነው ይላል። ዳታው ጠፋ ብሎ ነፍሱ ልትወጣ ነበር። አልጠፋም። መለያውን 12 ብሎ ሲያስነሳው ሁሉም እንደነበረ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ሳይጽፍ ምንም አያስነሳም። ፎልደሩ ውስጥ ፒጂ_ቨርዥን የሚባል ትንሽ ፋይል እንዳለና ፋይሎቹ የማን እንደሆኑ እሱን ከፍቶ ማየት እንደሚቻል አከለ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ምላሽ 9

ይህ የኔ ነው። የጻፍኩት ማይኤስኪውኤል የሚባለውን ሌላ የዳታቤዝ ፕሮግራም ከ5.7 ወደ 8.0 ስናሳድግ የደረሰብንን ነው። ማሳደጉ ያለ እንከን ሄደ። አፕሊኬሽኑ ተነሳ፣ ሰዎች ገቡ፣ ሁሉም ደህና መሰለ። አንድ ገጽ ብቻ ባዶ ሆነ። ተጠቃሚዎች በየቡድናቸው የሚዘረዘሩበት ገጽ ነው። ኮዱ ኤረሩን ውጦ ባዶ ዝርዝር ያሳይ ስለነበር ማንም አልጮኸም፤ ሰዎቹ ቡድን ያልተሰጣቸው መሰላቸው። ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ ሎጉን መስመር በመስመር ሳነብ ኤረር 1064 አገኘሁ። የቴብሉ ስም ግሩፕስ ነበር። 8.0 ይህን ቃል ለራሱ ይዞታል። ራንክ እና ሲስተም የሚሉትንም እንዲሁ። ስሙን ዘንበል ባለው ጥቅስ ምልክት ውስጥ ማስገባት ብቻ ነበር መፍትሔው። አሥራ አንድ ቦታ አስተካከልኩ።

በማይኤስኪውኤል ሼል ውስጥ ከማሳደግ በፊት የሚመረምር መሣሪያ አለ። እንዲህ ያሉ ስሞችን ነቅሶ ያወጣል። ነገር ግን የሚያየው ዳታቤዙን እንጂ የአፕሊኬሽኑን ኮድ አይደለም። የተገኘውን ስም ይዞ ኮዱ ውስጥ መፈለግ የኛ ሥራ ነው።

ምላሽ 10

ከኔ ቀጥሎ የገባው ችግሩ እዚያም ሳይደርስ ገና በር ላይ እንደቆመበት ተናገረ። አፕሊኬሽኑ 8.0ን መገናኘት አቃተው፤ ኤረር 2059። ምክንያቱ ፓስወርድ የሚረጋገጥበት መንገድ መለወጡ ነው። 8.0 አዲስ ተጠቃሚ ሲፈጠር ካሺንግ ሻ2 የሚባለውን መንገድ ይይዛል። አሮጌ ድራይቨር ደግሞ አያውቀውም። ፓስወርዱ ልክ ነው፣ ፖርቱ ልክ ነው፣ ፋየርዎሉም ክፍት ነው። ያረጀው ድራይቨሩ ነው።

ምላሽ 11 እና 12

11ኛው ሁሉንም ተጠቃሚ ወደ ድሮው ኔቲቭ ፓስወርድ መልሱትና ተገላገሉ አለ። 12ኛው በጣም ተናደደ። ድራይቨር ማደስ የአንድ ሰዓት ሥራ ሆኖ ሳለ የሁሉንም ሰው ደኅንነት ማውረድ ነውር ነው አለ። ቃሉ ጠንከር ያለ ቢሆንም ፍሬ ነገሩ ልክ ነው። በ8.4 ላይ የድሮው መንገድ ከመነሻው ተዘግቶ ነው የሚመጣው። በ2024 በወጣው 9.0 ላይ ጭራሹን የለም። ዛሬ የተለጠፈው ፕላስተር ነገ መላቀቁ አይቀርም።

11ኛው በኋላ ተመልሶ የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር ድራይቨሩ እንዳይነካ ሆኖ የታሸገ መሆኑን አስረዳ። 12ኛውም ረገብ ብሎ፣ እንደዚያ ከሆነ ያንን አንድ ተጠቃሚ ብቻ ለይቶ መመለስ እንደሚሻል ነገረው። በዚህ ተስማሙ።

ምላሽ 13

ማሪያዲቢን ጫኑ፣ ከማይኤስኪውኤል ጋር አንድ ነው አለ። ከዚህ በላይ አልጻፈም።

ምላሽ 14

እሱ ያልጻፈውን ይሄኛው ሞላው። ሁለቱ በ2009 የተለያዩ ወንድማማቾች ናቸው፣ በየዓመቱም እየተራራቁ ነው። ከማይኤስኪውኤል 8.0 የወጣ ዳምፕ አሮጌ ማሪያዲቢ ላይ ሲጫን ኤረር 1273 መምጣቱ የተለመደ ነው። በስሙ መሐል 0900 የሚል ቁጥር ያለበት ኮሌሽን (የፊደል አደራደር ደንብ) አላውቅም ይላል። ማይኤስኪውኤል 5.7ም ያንኑ ይላል። ጄሰን የሚባለው የዳታ ዓይነትም ስሙ ነው እንጂ አንድ አይደለም። ማይኤስኪውኤል በራሱ ባይናሪ አደረጃጀት ያስቀምጠዋል፤ ማሪያዲቢ ዘንድ ግን ረጅም ጽሑፍ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የገረመኝ አንድ ሌላ ነገር ነው። ማሪያዲቢ ቁጥሩን ወደ 10.0 ሲያሳድግ የድሮ የማይኤስኪውኤል ሪፕሊካዎች (የዋናውን ሰርቨር ዳታ እየገለበጡ የሚከተሉ ሰርቨሮች) ችግር ገጠማቸው። የቨርዥኑን የመጀመሪያ አኃዝ ብቻ ያነቡ ስለነበር 10ን 1 ብለው ተረዱት። ስለዚህ ማሪያዲቢ ሲገናኝ ቁጥሩ ፊት 5.5.5 የሚልና በሰረዝ የሚለይ ቅጥያ ማስቀደም ጀመረ። ሰርቨራቸው 10.6 ሆኖ ሳለ አንድ መሣሪያ 5.5.5 እያለ የሚያስፈራራቸው ሰዎች ምክንያቱ ይኸው ነው። ትክክለኛው ቁጥር ከሰረዙ በኋላ ያለው ነው።

ምላሽ 15

ክሩን ለሰው የምልከው በዚህኛው ምክንያት ነው። ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማንንም ሳይነካ፣ የፖስትግሬሱ ቁጥር ምንም ሳይለወጥ ዳታቤዙ እንዴት እንደተበላሸ ተረከ።

አንድ ተጠቃሚ በኢሜይሉ ለመግባት ሲሞክር የለህም ይለዋል። ድጋሚ ሲመዘገብ እሺ ይለዋል። ቴብሉ ላይ ግን ኢሜይል እንዳይደገም የሚከለክል ኢንዴክስ አለ። ዘርዝሮ ሲያይ ያው ኢሜይል ሁለት ጊዜ ተቀምጧል። አንዱ ጋ ትርፍ ክፍት ቦታ፣ ሌላው ጋ ትልቅ ፊደል ይኖር ይሆን ብሎ ፊደል በፊደል አመሳከረ። ምንም ልዩነት የለም።

የተለወጠው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነበር። ሰርቨሩን ከዴቢያን 9 ወደ ዴቢያን 10 አሻግረውታል፣ የዳታውን ፎልደር እንዳለ ይዘው። ፖስትግሬስ ቃላትን በቅደም ተከተል ሲደረድር፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ደንቡን ጂሊብሲ ከሚባለው የሲስተሙ መሠረታዊ ላይብረሪ ይዋሳል። በ2018 የወጣው ጂሊብሲ 2.28 ያንን ደንብ ለወጠው። ለማየት ሁለት ቃል ይበቃል ብሎ አሳየ። አንዱ 1 ሰረዝ 1 ነው፣ ሌላው 11። ቋንቋው የአሜሪካ እንግሊዝኛ በሆነ አሮጌ ማሽን ላይ በሶርት ትእዛዝ ሲደረደሩ 11 ይቀድማል። በአዲሱ ላይ ሰረዝ ያለው ይቀድማል። ኢንዴክስ ደግሞ ተደርድሮ የተቀመጠ ዝርዝር ነው። በድሮው ደንብ የተደረደረውን በአዲሱ ደንብ ስትፈልግ ነገሩ ከነበረበት ሌላ ቦታ ትሄዳለህ። አላገኘሁም ብለህ ሌላ ትጨምራለህ። ኤረር የለም፣ ሎግ ላይም ምንም የለም።

ያዳነውን መንገድ ጻፈ። አምቼክ በሚባለው ኤክስቴንሽን (በፖስትግሬስ ላይ የሚጨመር መሣሪያ) የተበላሹትን ኢንዴክሶች ለየ። የተደጋገሙትን ረድፎች አንድ በአንድ አጣራ፤ ይህ ብቻውን ሦስት ቀን ፈጀበት። ከዚያ ሪኢንዴክስ አደረገ፣ ማለትም ኢንዴክሶቹን እንደገና ሠራ። የተደጋገመው ሳይጸዳ ሪኢንዴክስ ቢባል አይሳካም። ከፖስትግሬስ 15 ወዲህ የዳታቤዙ ኮሌሽን ቨርዥን ስለሚመዘገብ፣ ሲለወጥ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ያ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ እንዳይታለፍ ለመነ።

ምላሽ 16 እና 17

ከዚያ ዝምታ በኋላ አንድ ሰው እንግዲያው ምንም ባይነካ ይሻላል አለ። የተረጋጋውን ሰርቨር ለምን እንረብሸዋለን፣ ትንንሾቹ እድሳቶችም ቢሆኑ ይቅሩ የሚል ነው። ለድጋፉም በጁላይ 2024 የወጣውን ማይኤስኪውኤል 8.0.38 ጠቀሰ። ከ10,000 በላይ ቴብል ያለው ሰርቨር በሱ ሪስታርት ሲደረግ አልነሳም ይል ነበር። የፖስትግሬስ 17.1ንም አነሳ። ኖቬምበር 14 ቀን 2024 ወጣ፤ ለ17.0 የተዘጋጁ አንዳንድ ኤክስቴንሽኖች ከሱ ጋር አልሄድ አሉ፣ ከሳምንት በኋላ 17.2 ወጣ።

17ኛው ሁለቱም እውነት መሆናቸውን አልካደም። ግን ከዚያ የሚወጣው ትምህርት ሌላ ነው አለ። እድሳቱን መጀመሪያ መሞከሪያ ማሽን ላይ አስኪደው፣ ሳምንት ጠብቀው። ጨርሶ መተው ግን የደኅንነት ቀዳዳን ክፍት መተው ነው፤ እየዘገየ ሲሄድም መሰላሉ ይረዝማል። ማይኤስኪውኤል ከ5.6 በቀጥታ ወደ 8.0 አያሻግርም፣ በ5.7 ማለፍ ግድ ነው። በ8.0 ውስጥም ቢሆን ወደ ቀደመ ንዑስ ቁጥር መመለስ አይደገፍም። እኔ ሙሉ በሙሉ ከ17ኛው ጋር ነኝ።

ምላሽ 18 እና 19

ወሬው ዓርብ ማታ ማሳደግ ይገባል ወይስ አይገባም ወደሚለው ዞረ። አንዱ ቅዳሜና እሑድ ሰው ስለማይኖር ጥሩ ነው አለ። ሌላው ሰው ስለማይኖር ነው መጥፎ የሚሆነው አለ። በዚያው ቀረ።

ምላሽ 20

ጠያቂው ከስድስት ቀን በኋላ ተመለሰ። የ2ኛውን ምክር ተከትሎ ስክሪፕት አወጣ። 2017 ላይ ሲያስኬደው የመጀመሪያው ቴብል ላይ ቆመ። ኦፕቲማይዝ ፎር ሲኩዌንሻል ኪ የሚል አማራጭ ተጽፎበታል፤ እሱ ደግሞ በ2019 የመጣ ነው፣ 2017 አያውቀውም። ስክሪፕቱ ሲወጣ ለየትኛው ቨርዥን ይጻፍ የሚል ምርጫ ነበረና ሳያየው አልፎታል። 2017 ብሎ ደግሞ አወጣው። ሄደ። ዳታውን በቢሲፒ አሻገረ፣ በሁለቱም በኩል የየቴብሉን ረድፍ ቆጠረ፣ እኩል ሆነ።

ስለ ኮምፓቲቢሊቲ ሌቭል የጻፈውን ሐሳብ ከመክፈቻው ላይ አነሳና 5ኛውን በስም ጠርቶ ይቅርታ ጠየቀ። ቦታው ላይ የሁለቱን ሰርቨሮች ሙሉ የቨርዥን ቁጥር፣ የባካፑን 904 እና የኤረሩን ቁጥር አስገባ፣ ከሱ በኋላ የሚፈልግ ሰው እንዲያገኘው። ከሥር 3ኛው መላሽ ገብቶ አመሰገነው።